ስሙን ትታችሁ መርከቧን ፈልጉ

በ1850ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ወይም ከአየርላንድ በሸራ መርከብ ወደ አውስትራሊያ የተሻገረ ቅድመ አያት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መፈለጊያው ላይ የሚጽፈው ስሙን ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አይወጣም። የዘመኑ ጋዜጦች በስም የሚጠሩት በካቢን የመጡትን ባለገንዘቦች ነበር፤ ታች ታጭቆ የመጣው ድሃ "ሌሎች 230" ተብሎ በቁጥር ይታለፋል።

ስለዚህ በመርከቧ ይጀመራል። ስሟን የሚያውቅ ከጠፋ፣ ከ1853 ወዲህ ቪክቶሪያ (ዋና ከተማዋ ሜልቦርን የሆነው የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛት) ውስጥ የተሰጠ የሞት ምስክር ወረቀት ሟቹ በቅኝ ግዛቱ ስንት ዓመት እንደኖረ ይናገራል፤ ያን ከሞተበት ዓመት ስትቀንሱ የመጣበት ዓመት ይገኛል። ቁጥሩን ያስመዘገበው ሐዘንተኛ ዘመድ ስለሆነ፣ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ዓመት ጨምሩበት።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን የያዘው "ትሮቭ" የሚባለው ድረ ገጽ ነጻ ነው። የመርከቧን ስም በጥቅስ ምልክት አስገቡና ዓመቱን ገድቡ። ፍለጋውን "ጽሑፎች" በሚለው ክፍል ብቻ አትወስኑ፤ የመርከብ ዜና ብዙ ጊዜ የሚመደበው ከዝርዝሮች ጋር ነው። አምዱ ላይ የመርከቧ ዓይነት፣ ቶን፣ የካፒቴኑ ስም፣ የተነሳችበት ወደብና ቀን ይገኛሉ። ካፒቴኑንና ቶኑን መዝግቡ፤ "ኤሊዛቤት" የሚባል መርከብ ሞልቷል። ቶኑ ከጋዜጣ ጋዜጣ ትንሽ ቢለያይ አትደንግጡ፣ የመለኪያ ሕጉ በመሃል ተቀይሯል።

ዋናው ጣጣ የማሽን ንባብ ነው፤ የጋዜጣውን ምስል ወደሚፈለግ ጽሑፍ የሚቀይረው ኮምፒውተር ነውና ይሳሳታል። የደቀቀና የደበዘዘ ኅትመት ላይ የእንግሊዝኛዎቹ ፊደሎች አር (r) እና ኤን (n) ተጣብቀው ኤም (m) ይሆናሉ፤ "ባርንስ" "ባምስ" ሆኖ ይቀራል። ያኔ በካፒቴኑ ስም ፈልጉ፣ ወይም የዚያን ሳምንት ጋዜጣ ገጽ በገጽ ግለጡ። እሑድ የገባች መርከብ የምትገኘው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ዕትም ላይ ነው። መድረስና መውረድም ይለያያሉ፦ መቶ ያህል ሰው በባሕር ላይ ሞቶባት በኅዳር 1852 የደረሰችው "ቲኮንዴሮጋ" በታይፈስ ምክንያት ወደ ሜልቦርን በሚያስገባው የባሕር በር አጠገብ ባለው ፖይንት ኔፒያን ላይ ለሳምንታት ታግዳለች።

መርከቧና ቀኑ ከታወቁ ስሙን የቪክቶሪያ ቤተ መዛግብት የተሳፋሪዎች መዝገብ ላይ ፈልጉ። ከዚያ ወደ ጋዜጣው ተመለሱ፤ ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው። መርከቧ በገባች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሳፋሪዎች ለካፒቴኑ ወይም ለሐኪሙ የጻፉት የምስጋና ደብዳቤ ከነፈራሚዎቹ ይወጣል። ባለቤት ያጡ ደብዳቤዎች ዝርዝርም አለ። የሜልቦርኑ "አርገስ" ጋዜጣ ላይ ደግሞ የጠፉ ወዳጆች አምድ ነበር፦ እገሌ በዚህች መርከብ የመጣህ፣ ወንድምህ እዚህ ቦታ ይፈልግሃል።

ከ40 ዓመት በኋላ የተጻፈን የሕይወት ታሪክ ግን በጥርጣሬ አንብቡ። በ1852 ከሊቨርፑል ሜልቦርን በ76 ቀን የገባችው "ማርኮ ፖሎ" ዝነኛ ስለነበረች፣ ልጆች አባታቸውን እሷ ላይ ማሳፈር ይወዳሉ። ሰውየው በ1853 እንግሊዝ ውስጥ ልጅ ያስመዘገበ ከሆነ፣ በዚያ ጉዞ አልመጣም።