ቪዲዮውን እነሱ ይላኩ

የመጀመሪያው ቪዲዮዬ 45 ደቂቃ ነበር። ኮት ለብሼ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ስለ ቱ ዌይ ስዊች፣ አንድን አምፖል ከሁለት ቦታ ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ ማብሪያ፣ እተነትናለሁ። ፋይሉ 1.5 ጊጋ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቴሌግራም ላይ እስኪጫን ሌሊቱን ሙሉ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ አደርኩ። ጠዋት ስከፍተው እይታው 31 ይላል። ሰልጣኞቼ 38 ናቸው። ደስታዬን አልቻልኩትም። በኋላ አንድ በአንድ ስጠይቅ እስከ መጨረሻው ያየው አንድ ልጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱም አጎቱ ሆቴል አለው፤ ሆቴሉ ደግሞ ዋይፋይ አለው።

ጊዜው 2012 ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ተዘጋ። እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሰለጥናለሁ። ልጆቹ ተበተኑ፤ ከፊሉ ደብረ ብርሃን፣ ከፊሉ ሸዋ ሮቢት፣ ከፊሉ መንዝ፣ መሐል ሜዳና ከዚያም ወዲያ። «ኦንላይን አስተምሩ» ተባልን። እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረንም። እኔም የገባኝ ክፍሉን አንስቶ ስልክ ውስጥ መክተት ነበር።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። የእኛ ሙያ ግን ጣት ላይ ነው። አንድ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ስናገር ቢሰማኝም ሽቦ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚላጥ እጁ አያውቅም። ብዙ ከላጠ ባዶው መዳብ ከስዊቹ ውጪ ይቀራል። ትንሽ ከላጠ ብሎኑ ፕላስቲኩን ይነክሳል፤ መስመሩም አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል። ይህንን በቃል ማስረዳት ዋናን በደብዳቤ እንደማስተማር ነው።

ስለዚህ ኮቱን አወለቅኩ። ወንበር ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ስልኬን በእግሮቹ መካከል ወደ ታች እንዲያይ አድርጌ በናስትሮ አሰርኩት። ካሜራው የሚያየው ሁለት እጄን፣ ካቻቢቴዬንና አንድ ስዊች ብቻ ነው። ፊቴ የለም። አንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ያሳያል፤ ርዝመቱ ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። ጥራቱን ወደ 480 ሳወርደው አንዱ ቪዲዮ 11 ሜጋ ገደማ ይሆናል። የአንድ ቀን ፓኬጅ የገዛ ልጅ ይህን ያህል አይከብደውም። የደብረ ብርሃን ጠዋት ግን ጣት ያደርቃል። የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ልጆቹ ፈርቼ መስሏቸው ነበር።

ሌላው ጣጣ ቋንቋ ነው። ሞጁሎቻችን በእንግሊዝኛ ናቸው። ልጁ ግን ሳይት ላይ ከፎርማን ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ ለዚያውም ግማሹ ጣልያንኛ በሆነ የሙያ አማርኛ። ቱ ዌይ ስዊች ጀርባ ላይ ካሉት ሦስት ብሎኖች ለብቻው ያለውን «ኮመን ተርሚናል» ብዬ ስደጋግም ማንም አይይዘውም። አንድ ቀን «ብቻውን የቆመው ብሎን» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ። እንግሊዝኛውን የምጽፈው በመጨረሻው ሰከንድ ላይ ነው፤ ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው ፈተና፣ ሲቀመጡ እንዳይደናገሩ።

ይህ ሁሉ ግን ገና ግማሽ መንገድ ነበር። አሁንም ላኪው እኔ ነኝ፣ ተቀባዮቹ እነሱ። የተለወጠው በአጋጣሚ ነው።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ አንዱ ሰልጣኝ ለትብብር ስልጠና፣ ድርጅት ውስጥ እየሠሩ ለሚሰለጥኑበት ጊዜ፣ መሐል ሜዳ ሄደ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ቱ ዌይ ሠርቷል፤ ከታች የሚበራ ከላይ የሚጠፋ። አንድ ማታ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ይሠራል ግን አይሠራም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«ከላይ ካጠፋነው ከታች እምቢ ይላል።»

በስልክ ብናወራ ስናወራ የምናድር ሆነ። «ስዊቹን ፍታና ጀርባውን ቀርጸህ ላክልኝ» አልኩት። ከ20 ደቂቃ በኋላ 40 ሰከንድ ቪዲዮ መጣ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ባትሪ የያዘለት ሰው እጅም ይወዛወዛል። ግን ይታያል። ላይኛው ስዊች ላይ ፌዙ፣ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ የገባው ብቻውን የቆመው ብሎን ላይ ሳይሆን ከሁለቱ ጎረቤታሞች አንዱ ላይ ነው። ወደ ታችኛው ስዊች መሄድ የነበረበት ሽቦ ደግሞ ብቸኛውን ይዞታል። እንዲህ ሲሆን ላይኛው ስዊች በአንድ በኩል ካልሆነ ፌዙ ወደ ታች አይወርድም፤ የታችኛው ሰው ቢታገልም ለውጥ የለውም። ሁለቱን ሽቦ አቀያየረና በራለት። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ቀርቶ ነበር።

«ስትፈታው ብሬከሩ ጠፍቶ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለ። «ጠፍቶ ነበር መሰለኝ።»

መሰለኝ የሚል ኤሌክትሪሺያን ዕድሜው አጭር ነው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። 220 ቮልት ነው፤ እኔ ደግሞ ከቤቴ ሶፋ ላይ ሆኜ «ፍታው» ብያለሁ። በነጋታው ደንብ ወጣ። ማንኛውም ቪዲዮ ሲጀምር ብሬከሩ ሲወርድ መታየት አለበት። ቀጥሎ ቴስተሩ፣ ኃይል መኖሩን የሚለየው መሞከሪያ፣ ሌላ መስመር ላይ ባለ፣ ኃይል ባለው ሶኬት ይሞከራል፤ ከዚያ የሚሠራበት ሽቦ ላይ፤ ከዚያ እንደገና ሶኬቱ ላይ። ቴስተር ራሱ ይበላሻል፤ የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ ሞቷል ይላል። እነዚህ ሰከንዶች የሌሉበትን ቪዲዮ ከፍቼ አላይም። ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። እኔ የምልከው እያነሰ፣ እነሱ የሚልኩት እየበዛ መጣ። የሰልጣኙ እጅ ሲሠራ ማየት ፈተና ከማረም ይበልጣል። ወረቀት ላይ 9 ከ10 ያገኘች ልጅ ካቻቢቴ አያያዟ ሲታይ ብሎን የምታጥብቀው በክንዷ ነው፤ በጣቷ አይደለም። ወረቀት ላይ የወደቀው ደግሞ ሽቦ ሲያጥፍ እንደ ጥልፍ ያደርገዋል።

በጣም የጠቀመን በትብብር ስልጠናው ነው። ወረቀት ላይ 70 በ30 ይባላል፤ ሰባው ድርጅት ውስጥ፣ ሠላሳው ኮሌጅ። ድሮ ሰባው ምን እንደሚመስል የማውቀው በወሬ ነበር። በአንድ ተርም ሁለቴ ብሄድ ነው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነስቼ፣ ጣርማ በርን ወርጄ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ልጁ ሳይት ላይ የለም፤ «ሲሚንቶ ሊያመጣ ሄዷል» ይሉኛል። ሎግ ቡኩን፣ ልጁ የሠራውን የሚመዘግብበትን ደብተር፣ እፈርማለሁ። የሁለት ወሩ ገጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሌሊት እንደተሞላ እያየሁ እፈርማለሁ። አሁን በሳምንት አንድ ቪዲዮና አንድ የድምፅ መልእክት ነው የምፈልገው። ምን ሠራህ፣ ምን እምቢ አለህ፣ እንደገና ብትሠራው ምኑን ትቀይራለህ። ሲሚንቶ ሲሸከም የከረመ ልጅ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይታወቃል። ያኔ ስልክ አንስቼ ከድርጅቱ ጋር እነጋገራለሁ።

አንድ ተቋራጭ ግን መቅረጽ ከለከለ። አልፈረድኩበትም። ገና ያላለቀ ሥራው ቴሌግራም ላይ እንዲዞር ማን ይፈልጋል? ሄጄ አነጋገርኩት። ፊት አይታይም፣ የቤቱ ውስጥ አይታይም፣ እጅና ሽቦ ብቻ ተባብለን ተስማማን። ይህን ከመጀመሪያው በደብዳቤ አድርጌው ቢሆን አንድ ወር አላቃጥልም ነበር።

ቪዲዮ የማያሳየው ነገርም አለ። ብሎን ጠብቆ ይሁን ላልቶ ስክሪን ላይ አንድ ነው። የላላው ከስድስት ወር በኋላ ሞቆ፣ ጠቁሮ፣ ሸትቶ ይገለጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሽቦ ካጠበቁ በኋላ ካሜራው ፊት በጣታቸው ሳብ ያደርጉታል። ከወጣ ወጣ። ያም ሆኖ መሄዱን አልተውኩም። ሽታ በቴሌግራም አይመጣም።

ወርክሾፑ ውስጥስ? እዚያ ኢንተርኔት የለንም ማለት ይቻላል። አንድ ጓደኛዬ ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አመጣልኝ፤ ከነመያዣዋ የሲጋራ ፓኮ ታክላለች። ሙድልቦክስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫንባት። የራሷን ዋይፋይ ትለቃለች፤ ልጆቹ ይገናኙና ሙድል በሚባለው የማስተማሪያ ገጽ ላይ ያለውን ቪዲዮ፣ ሥዕልና ጥያቄ ያለ ምንም ዳታ ያያሉ። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ትቀጥላለች።

የመጀመሪያው ቀን ግን ፍዳ ነበር። ግማሹ «ቲቸር፣ እኔ ጋ አይከፍትም» ይላል። አንድ ሰዓት ከፈጀን በኋላ ችግሩ ገባን። ስልኩ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። መፍትሔው ዳታ መዝጋት ነው። አሁን በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ «ዳታ ዝጋ፣ ከዚያ ግባ»።

ሁለተኛው ፍዳ የባሰ ነው። አንድ ቀን ፓወር ባንኩ አልቆ መሣሪያዋ በድንገት ጠፋች፤ ሚሞሪ ካርዱ ተበላሸ። የአንድ ተርም ጥያቄና ውጤት አብሮ ሄደ። ቅጂ አልያዝኩም ነበር። ሌላው ይቅርና አራት ወር ሙሉ ለልጆቹ «ሥራችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ» ስል የነበርኩት እኔው ነኝ። አሁን አርብ አርብ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ ይገባል፤ ትርፍ ካርድ ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በ2015 ነሐሴ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያቺ ትንሽ ኮምፒውተር ነች ያኖረችን። ልጆቹ ሰኞ ሲመጡ ቪዲዮውን ከእሷ ያወርዳሉ፣ በዤንደር፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በሚያሻግረው አፕ፣ ይከፋፈሉታል። ሳይት ላይ የቀረጹትን ደግሞ ወደ ኮሌጅ ሲመጡ ያስገባሉ። መልሱ አንድ ሳምንት ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። ቴሌግራም ብቻ ላይ ተንጠልጥዬ ቢሆን ኖሮ በዚያው ተቆርጬ እቀር ነበር።

የሙድል ጥያቄ ላይ መኮራረጅ አለ። ስክሪንሾቱ በአምስት ደቂቃ ዞሮ ይመለሳል። ብዙም አልታገልኩትም። ጥያቄው ለልምምድ ነው፣ ነጥብ አልይዝበትም። ነጥብ የሚያዘው በሥራው ነው፤ ቪዲዮው ላይ ከስዊቹ አጠገብ ስምና ቀን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይቀመጣል።

የደከመኝ ማየቱ ነው። 38 ቪዲዮ በሳምንት። ባለቤቴ «አንተ አሁን ሲኒማ ቤት ከፍተሃል» ትለኛለች። ሦስት ወር እንደዚያ ሠርቼ ዓይኔ ሲቀላ ልጆቹን አራት አራት አድርጌ ከፈልኳቸው። መጀመሪያ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ብሬከር፣ ቴስተር፣ የሽቦ አላላጥ፣ የብሎን መጥበቅ፣ የሽቦ ቀለም። ከእያንዳንዱ ቡድን አንዱን ሳምንት በሳምንት እየቀያየርኩ አያለሁ። የሚገርመው እነሱ ከእኔ ይልቅ ጨካኞች ናቸው። እኔ ያሳለፍኩትን አንዷ «ቀይ ሽቦ ለኒውትራል? ፍታው!» ብላ መልሳዋለች።

አሁንም ያልፈታሁት አለ። ስልክ የሌላቸው ወይም ስልኩ የራሳቸው ያልሆነ ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ ሥራዋን ሁሌ ቅዳሜ ነው የምትልከው። ሰንፋ መስሎኝ አንድ ቀን ተቆጣኋት። ስልኩ የወንድሟ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ሲውል ይተውላታል። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለእሷ የማስረከቢያ ቀኑን ቅዳሜ አደረግነው። ኮሌጁን ደጋግሜ ለምኜ አራት ስልክ አገኘሁ፤ ሲም የላቸውም፣ ለመቅረጽና ከትንሿ ኮምፒውተር ለማውረድ ብቻ። ልጆቹ ከልምምድ የሚጨርሱት 11 ሰዓት ተኩል ነው። ስልኮቹ ያሉበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍል ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነገ ቁልፉ እኔ ጋ እንዲቀር ሁለተኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ።