የዣንግ ዳችየን አረንጓዴ ተራሮች፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የሥዕል ወዳጆች! ከጥቁር ቀለም ልምምድ ወጥቼ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴው የቻይና መልክዓ ምድር ገብቻለሁ። የያዘኝ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊ ሠዓሊ ዣንግ ዳችየን በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሳለው ተራራ ነው። ይህ ሥዕል በ2022 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሱዝቢስ ጨረታ 47 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። እኔን ግን የሳበኝ ዋጋው ሳይሆን መነሻው ነው። ዣንግ የዋንግ ሺመንግን ፈለግ ተከትሎ እንደሠራው ርዕሱ ላይ በግልጽ አስቀምጧል።

ዋንግ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረ ወጣት ነው። በ1113፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ 12 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው የሐር ጥቅልል ላይ ወንዝና ተራራ አሰለፈ። ያስተማረው ንጉሠ ነገሥቱ ሁዪዞንግ ራሱ ነበር። ሥራው ዛሬም ቤጂንግ በቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ይገኛል።

ዣንግ ምን አደረገ? ተዘርግቶ ከቀኝ ወደ ግራ የሚታየውን ዓለም በቁሙ ሰቀለው። ዓይናችን ከሥር ተነስቶ ወደ ጫፍ ይወጣል። ቀለሙ የዋንግ ነው፣ አቀማመጡ የራሱ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ ቻይና በሚገኙት የዱንሁዋንግ ዋሻዎች ውስጥ ተቀምጦ የጥንት የግድግዳ ሥዕሎችን ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነውና እጁ እንዲህ መፍታታቱ አይገርምም። መገልበጥን የሚንቁ ሰዎች ይህን ሥዕል ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቀለሙ። አረንጓዴው ማላካይት፣ ሰማያዊው አዙራይት ነው፤ ሁለቱም የመዳብ ማዕድናት ናቸው። ድንጋዩ ተፈጭቶ በውሃ ይታጠባል። ሻካራው ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ እሱ ደማቁ ነው። ደቃቁ ውሃው ላይ ይቆያል፣ እሱ ፈዛዛ ነው። ስለዚህ ከአንድ ድንጋይ ብቻ ብዙ ዓይነት አረንጓዴ ይወጣል።

ዱቄቱን በትንሽ ሳህን ላይ ከሞቀ የእንስሳት ሙጫ ጋር በጣቴ አሻለሁ፣ ከዚያ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ። ሙጫው ከበዛ ቀለሙ ይጨልማል። ካነሰ ደግሞ ከደረቀ በኋላ እየረገፈ ጣት ላይ ይቀራል። ሁሌም ጥግ ላይ ቀብቼ፣ ደርቆ፣ በጣቴ ፈትሼ ነው የምገባው።

የተራራው መስመር በጥቁር ቀለም ይወጣል። ቀጥሎ ቀይ አፈር የመሰለ ቡናማ ቀለም በስሱ ከሥር ይተኛል። አረንጓዴው ከላዩ ሲመጣ ያ ሙቀት ያበራዋል፤ ነጭ ወረቀት ላይ በቀጥታ ከተቀባው ጋር አይገናኝም። ሰማያዊው ለጫፎቹ ነው። አንዱ ንብርብር በደንብ ሳይደርቅ ሌላው አይነካም፤ ከተነካ የታችኛው ተነስቶ ይደፈርሳል። በችኮላ የሚሆን ነገር አይደለም በቃ።

አሁን የያዝኩት ተራራ አረንጓዴው አልቆ ሰማያዊው ጀምሯል። ገደሎቹ ከዋንግ ናቸው፣ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ግን የኔ ነው። የሚቀጥለውን በሐር ላይ ልሞክረው አስቤያለሁ። ሐር በሙጫና በአሉም (ጨው መሰል ማዕድን) ውሃ አዘጋጅታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ መጠኑን ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።