ለሰባት ሳምንት ጉሮሮዬን ያከምሁበት የአስም መድኃኒት

አስም እንዳለብኝ የተነገረኝ በ66 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ሌሊት የሚቀሰቅሰኝን ሳልና ደረጃ ስወጣ የሚይዘኝን የትንፋሽ ማጠር የዕድሜ ነው ብዬ ችዬው ኖሬአለሁ። አንዱ ሐኪም ልቤን ጠርጥሮ መረመረኝ፤ ሌላው ደግሞ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ። በመጨረሻ ስፓይሮሜትር በሚባለው የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያ አስነፍተውኝ፣ የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ሰጥተውኝ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጠው እንደገና ሲያስነፉኝ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የማወጣው አየር ከ12 በመቶና ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ጨምሮ ተገኘ። ምርመራው ይኸው ነው፤ አያምም፣ የሚያደክመው ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ መንፋቱ ብቻ ነው።

ሁለት ኢንሄለር፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት መያዣ፣ ይዤ ወጣሁ። አንደኛው ሲያፍነኝ የምወስደው ሳልቡታሞል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቢያመኝም ባያመኝም ጠዋት ሁለት ፓፍ (ሁለት ርጭት)፣ ማታ ሁለት ፓፍ እንድወስደው የታዘዘልኝ ቤክሎሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ነው። ሐኪሙ አወሳሰዱን ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ በባዶ እጁ አሳየኝና «ገባዎት?» አለኝ፤ እኔም «ገብቶኛል» አልሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ተማሪ «ገብቶኛል» ሲለኝ አምኜው አላውቅም፤ ጠመኔውን አቀብለውና ሰሌዳው ላይ እንዲሠራልኝ አደርግ ነበር። ለራሴ ሲሆን ግን ይህን ሁሉ ረሳሁት።

የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አስም ያለበት አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ መድኃኒት መጀመሬን ሲሰማ «በኃይል ሳበው፣ አለዚያ አይገባም» ሲል መከረኝ፤ ምክሩም ለእርሱ መድኃኒት ትክክል ነበር። እርሱ የሚጠቀመው የዱቄት ኢንሄለር ነው፤ ዱቄቱን በትኖ ወደ ሳንባ የሚያደርሰው የሳቢው ጉልበት ስለሆነ ፈጥኖና አጥብቆ መሳብ ያስፈልጋል። የእኔው ግን ሲጫኑት በራሱ ግፊት የሚረጭ ነው፤ እንዲህ ያለው የሚፈልገው ዝግ ያለና ረጅም ትንፋሽ ነው። በኃይል ሲሳብ መድኃኒቱ የጉሮሮን ግድግዳ መትቶ እዚያው ይቀራል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ እጫነውና ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው በአንድ ጊዜ እስበው ነበር። በትክክል ለሚወስድ ሰው እንኳ ከሚረጨው አብዛኛው አፍና ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር፣ በእኔ አወሳሰድ ሳንባዬ የደረሰው ምን ያህል እንደ ነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስሕተቱን ቶሎ እንዳልነቃበት ያደረገኝ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ውስጥ ደረትን ይከፍታል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፣ መሥራቱን በራሱ ይናገራል። ቤክሎሜታሶን ግን ሥራው የአየር ቧንቧዎችን እብጠት በቀናትና በሳምንታት ማስታገስ ስለሆነ፣ በወሰዱት ሰዓት ምንም አይሰማም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ ጥሩ ስሆን ሳልወስደው ቀናት እዘላለሁ፤ ሌሊት ሲያፍነኝ ደግሞ ለዚያ ያልተሠራውን መድኃኒት አራት አምስት ጊዜ እረጫለሁ፤ እርሱ ዝም ሲለኝ ወደ ሳልቡታሞል እመለሳለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ድምፄ ጎርንኖ ስልክ ያነሣልኝ ሰው ሁሉ «ማን ልበል?» ይለኝ ጀመር። ምላሴና ላንቃዬ ላይ ሲፋቅ የሚያደማ ነጭ ነገር ወጣ። የአፍ ፈንገስ ነበር፤ ስቴሮይዱን በወሰድሁ ቁጥር አፌን በውኃ ተጉመጥሙጬ መትፋት ሲገባኝ አንድም ቀን አላደረግሁትም። ወደዚያው ሐኪም ተመለስሁ። ለአፌ የኒስታቲን ጠብታ አዘዘልኝ፤ ደረቴ አለመሻሉን ስነግረው ደግሞ «በየቀኑ ይወስዳሉ?» አለኝ። አዎ አልሁ፤ ዋሸሁት። እርሱም የቤክሎሜታሶኑን መጠን እጥፍ አደረገው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህች ሰዓት ናት። መድኃኒቱ ከአፍ እንዳላለፈ አፌ ራሱ እየመሰከረ፣ «እስቲ ሲወስዱ ልይዎት» ሳይለኝ በዚያው ጉሮሮ ላይ ሌላ እጥፍ ጨመረበት። ግማሹ ጥፋት የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግማሹን ግን አልወስድለትም።

ያዳነችኝ በሰባተኛው ሳምንት ትንፋሼን ልትለካ የተቀመጠች ነርስ ናት። «አባቴ፣ እስቲ እንደ ቤትዎ አድርገው ይውሰዱልኝ» አለችኝ። ወሰድሁ። ጭሱ ከከንፈሬ ጥግ ቡን ብሎ ሲወጣ ሁለታችንም አየነው። «ይህ መድኃኒት እኮ ከሳንባዎ ጋር ገና አልተዋወቀም» ብላ አሳቀችኝና ከሀ ጀምራ አስተማረችኝ፦ አስቀድሞ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማውጣት፣ የኢንሄለሩን አፍ በከንፈር ገጥሞ መያዝ፣ በዝግታ መሳብ ሲጀምሩ መጫን፣ ደረት እስኪሞላ መሳቡን መቀጠል፣ ከዚያ ትንፋሽን ይዞ እስከ አሥር ቆጥሮ መልቀቅ፤ ሁለተኛውን ፓፍ ከመውሰድ በፊትም ግማሽ ደቂቃ ያህል መቆየት። አምስት ጊዜ ሞከርሁ። ጣቶቼን የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚይዛቸው መጫኑ ከመሳቡ እየዘገየ አስቸገረኝ፤ ይኼኔ ስፔሰር የሚባለውን ቱቦ አወጣች። መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ይረጭና ሰውየው በራሱ ጊዜ ይስበዋል፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀረውም በእጅጉ ይቀንሳል።

ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው ወረቀት ስፔሰርን ለሚቸገሩ ሰዎች ነው የሚመክረው። እኔ ግን ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ሰው መቸገሩ እስኪታወቅ መጠበቅ የለበትም ባይ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን በስፔሰር ይጀምር። ሁለት ፓፍ አንድ ላይ ረጭቶ መሳብ ግን አይሆንም፤ አንድ በአንድ ነው። ሲታጠብ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይነከርና በራሱ ይደርቃል። እኔ ለንጽሕና ብዬ በጨርቅ አሽቼ አብለጨለጭሁት፤ ለካ መታሸቱ በፕላስቲኩ ላይ ኤሌክትሪክ ፈጥሮ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል።

ነርሷ ሌላም ነገር ጠየቀች፤ የምወስደውን መድኃኒት በሙሉ። ለዓይን ግፊት ማታ ማታ የማንጠባጥባትን ቲሞሎል ስጠቅስ እስክሪብቶዋን አቆመች። ቲሞሎል በዓይን ገብቶ ወደ ደም ስለሚያልፍ የአስም ሰውን የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም የዓይን ጠብታን ከመድኃኒት አልቆጥረውም ነበር። የዓይን ሐኪሜ በሌላ ለወጠልኝ። በገዛ እጅ ማቆም ለዓይን አደጋ ስለሆነ ማስለወጥ ነው እንጂ ማቋረጥ አይገባም።

ከዚያ በኋላ በአራተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳልነቃ ነጋልኝ። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ እየነፋሁ ትልቁን በምመዘግብበት የትንፋሽ መለኪያ ላይ 240 የነበረው ቁጥር 350 ደረሰ። ለሁለት ሳምንት ብቻ መዝግብ ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አላቆምሁም፤ ስሜቴ ከአንድ ጊዜ በላይ አታልሎኛልና። ኢንሄለሩን ከጥርስ ብሩሼ አጠገብ አስቀምጬ፣ ወስጄ ጥርሴን እፍቃለሁ፣ ተጉመጥሙጬም እተፋለሁ። ቆጣሪ ስለሌለው የጀመርሁበትን ቀን ጎኑ ላይ እጽፋለሁ፤ 200 ፓፍ በቀን አራት ሲወሰድ ለ50 ቀን ይበቃል። በመነቅነቅ ማወቅ አይቻልም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ስለሚቀር የሚረጭ ይመስላል።

ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሙ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «በትክክል እየወሰዱ ነው?» አለኝ። የማታው መድኃኒቴ ሰዓት ደርሶ ስለነበር መልስ ሳልሰጠው ስፔሰሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጠምሁና ፊት ለፊቱ ወሰድሁ። ሰዓቱን ተመለከተ፤ እኔም እስከ አሥር ቆጥሬ ጨረስሁ።