ከመጠቆማችሁ በፊት የሥራ ልምዳችሁን አውጡ

ይህን የምጽፈው በጊዜው የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ያልተገዛ ዕቃ ተገዛ የሚል ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ነገሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለማሳነስ ነው። መዝግቢ ተባልኩ፤ እምቢ አልኩ። ሲደጋገም ለግብር መሥሪያ ቤት ጠቆምኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው።

ስሜ በማን በኩል እንደወጣ አላውቅም፤ ብቻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፦ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ስንብት። እሱን ችዬዋለሁ። ያንገበገበኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው።

መጀመሪያ «ክሊራንስ ጨርሺ» አሉኝ፤ የድርጅቱ ንብረትም ዕዳም እጄ ላይ እንደሌለ ማስፈረም ማለት ነው። ጨረስኩ። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጣ፤ እሱ ሲመለስ ማኅተም ያዧ ጠፋች። በስንት ምልልስ የተሰጠኝ ደብዳቤ የሥራ መደቤን፣ የአገልግሎት ዘመኔንና ደመወዜን በትክክል ጽፏል። ከሥር ግን አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ሠራተኛዋ የድርጅቱን ምስጢር በማውጣት በፈጸሙት የሥነ ምግባር ጉድለት የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን።» ክብ ማኅተሙ እዚያው መስመር ላይ አርፏል። ይህን ይዤ የት ነው የምቀጠረው?

ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «እህቴ፣ ደብዳቤው ተሰጥቶሽ የለ እንዴ? ይልቅ ሄደሽ ታረቂ» አለኝ። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 12 በዚህ ደብዳቤ ላይ ምን እንደሚጻፍ ይዘረዝራል፦ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ። እሱም በነፃ። ስድብ የሚል የለበትም። ይህን ለእኔ መንገር የእሱ ሥራ ነበር።

እዚያው አንቀጽ ላይ ማስረጃው ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ እንደሚሰጥ ተጽፏል። ስለዚህ ገና ደመወዝ እየበላችሁ፣ ማንም ሳይጠረጥራችሁ ጠይቁና አውጡ። ከተጠቆመ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ የቂም ደብዳቤ ነው።

የሥራ ክርክር ችሎት ከሰስኩ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ወደ ሥራ ልመለስ የምትሉ ከሆነ ግን ከተሰናበታችሁ 3 ወር ካለፈ ክሱ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። እኔ መመለስ አልፈለግሁም። ውሳኔ ሳይሰጥ ድርጅቱ ያቺን መስመር አውጥቶ ሌላ ደብዳቤ ጻፈልኝ።

ደብዳቤው ተስተካከለ፤ ስልኩ ግን አልተስተካከለም። ፈተና አልፋለሁ፣ ቃለ መጠይቅ አልፋለሁ፣ «እንደውልልሻለን» ይሉኛል፣ ከዚያ ዝም። በመጨረሻ አንዲት የሰው ኃይል ሠራተኛ ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ መጣች። «ላንቺ ብዬ ነው፤ እዚያ ስንደውል ከሳሽ ናት፣ ቤት ታፈርሳለች ነው የሚሉት» አለችኝ። ውለታዋን አልረሳም። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለልሽ ያሉኝ ነበሩ። አዋጁ የወጣው ለከባድ ወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ነው። የድሮ አለቃ በስልክ የሚያወራውን ማን ሊይዘው?

ሁሉም ሰው «ዝም በይ፣ ስለ ድሮ መሥሪያ ቤትሽ ክፉ አታውሪ» ይላል። እኔ አልስማማም። ዝም ስትሉ ወሬውን የሚጀምረው ሌላ ሰው ነው። እኔ ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል በሁለት ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፦ ያልተገዛ ዕቃ አልመዘግብም ብዬ ጠቁሜአለሁ፤ ስትደውሉ ጥሩ አይነግሯችሁም። ከዚያ ሌላ የሚጠየቁ ሰዎች እሰጣለሁ። የእኔዎቹ ሒሳባችንን ይመረምር የነበረ የውጭ ኦዲተርና ከእኔ በፊት የለቀቀ የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው።

ደብዳቤ ጨርሶ የተከለከላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የቅጥር ውላችሁን፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንትና የጡረታ መዋጮ መረጃችሁን ያዙ። ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ገቢ ከሆነ፣ አልሠራችም ሊሏችሁ አይችሉም። የሥራ ግብር የተከፈለበትን ማስረጃም ያዙ፤ ብዙ የቅጥር ማስታወቂያ ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ እሱን ይጠይቃል።

አሁን ያለሁበት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አስቀድሜ ብነግረውም ደወለ። የተባለውንም ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ከነገርኩት የተለየ አልነበረም። ከዚያ «መቼ ትጀምሪያለሽ?» አለኝ።