ኑርቡርግሪንግና የእናቴ ወገብ

በዕረፍት ቀኔ ኑርቡርግሪንግ በሚባለው የጀርመን የመኪና ውድድር መንገድ ላይ የምነዳት ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ በማግስቱ ሥራ የምታደርሰኝም መኪና ናት፤ ለሁለተኛ መኪና አቅሙም ማቆሚያውም ስለሌለኝ ሰስፔንሽኗ (ጎማዎቹን ከአካሏ ጋር የሚያያይዘው የሞላና የሾክ አብዞርበር ክፍል) ሁለቱንም መቻል አለበት።

መጀመሪያ ላይ ቁመቱ የሚስተካከል ሾክ አብዞርበርና ጠንካራ ሞላ አስገጠምኩና፣ ዝቅ ባለች ቁጥር የምትፈጥን መስሎኝ እስከ መጨረሻው አወረድኳት። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ፣ ከፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተን የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ስንጀምር የበሩን እጀታ ጨብጣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ሞላ የላትም እንዴ?» አለችኝ። የበዛውስ ሞላው ነበር።

እሷ ያለችውን የኑርቡርግሪንግ ክፍል የሆነው ኖርድሽላይፈ ደገመልኝ። ይህ አሮጌ የእሽቅድምድም መንገድ 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ያለው፣ ጉብታውም ብዙ የሆነ የተራራ መንገድ ነው። ፉክስሮረ በሚባለው ቁልቁለት ግርጌ መኪናዋ ስትጫን፣ ዝቅ በማለቷ ለሞላው የቀረው የመታመቂያ ቦታ ጥቂት ስለነበር፣ ሾክ አብዞርበሩ ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ተላተመ፤ የፊት ጎማዎቹ መንገዱን ለቀው ሲንሸራተቱ መሪው እጄ ላይ ቀለለ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ በዝግታ ነዳሁ።

አሁን በ20 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጌያታለሁ፤ ሞላውንም በለስላሳ ቀይሬዋለሁ። ምቹ የሚባሉ የቤት መኪኖች ሞላቸው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛሉ፤ የእኔዋ ከዚያ ጥቂት ብትበልጥ ይበቃታል። ከሞላው ይልቅ ያስቸገረኝ የሾክ አብዞርበሩ ማስተካከያ ነው፤ የታመቀው ሞላ ተመልሶ እንዳይዘረጋ በጣም ከያዝነው፣ በተከታታይ ጉብታ ላይ ሳይዘረጋ ሌላው ስለሚደርስበት መኪናዋ እያደር ትሰምጣለች። ስለዚህ ይህን የምታስተካክለውን የሾክ አብዞርበሩን የላይኛ ቁልፍ እስከ ጥግ አጥብቄ፣ ቀጭ ቀጭ የምትለውን እየቆጠርኩ ለውድድር መንገዱ 8፣ ለከተማ 14 እመልሳታለሁ።

ሞላው በመለስለሱ በኩርባ ላይ የጎደለውን ከሌላ ቦታ አመጣሁት። መኪናዋ በኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳታዘነብል ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው የኋላው ጸረ-ማዘንበያ ዘንግ በወፍራም ተተክቷል፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ እሱ ስለማይሠራ ቀጥ ባለ ጉብታ ላይ ወገብ አይነካም። የፊት ጎማዎቹን ካምበር (ከፊት ሲታዩ ያላቸውን ዘመም ማለት) ኔጌቲቭ 2 ዲግሪ፣ ማለትም አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ አድርጌ፣ ለጎማ መበላት ዋናው ጠላት ቶው (ከላይ ሲታዩ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ነውና እሱን ወደ ዜሮ አስጠጋሁት። ውድድር መንገዱ ላይ የጎማ ነፋስ የምለካውና የማስተነፍሰው እንደጋለ ነው፤ ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት ደግሞ ሲቀዘቅዝ እሞላዋለሁ።

በካምበሩ የተነሳ የፊት ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ አሁንም ትንሽ ቀድሞ ያልቃል፤ እሱን ችዬዋለሁ።