ቁጥሩ ልክ አይደለም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀውም። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። እሁድ ስለሆነ የትም መሄድ የለብኝም። ድሮ እንዲህ ያለ ቀን ደስ ይለኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኛ ጋ ናት። መብራቱ ሲመለስ "ካርቱን ክፈችልኝ" አለችኝ። ላፕቶፔ ውስጥ አንድ ጓደኛዬ ከዓመታት በፊት በፍላሽ የሰጠችኝ ፊልም አለ፤ ሳላየው የኖርኩት። ከጭቃ የተሠሩ የሚመስሉ አሻንጉሊቶች ስላሉበት የልጅ ፊልም መስሎኝ ከፈትኩላት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "ቀለም የለውም፣ ይደብራል" ብላ ተነስታ ሄደች። እውነቷን ነው፣ የልጅ ፊልም አይደለም። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። ቡናው እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቀረሁ።

"ሜሪ እና ማክስ" ይባላል። አዳም ኤሊየት የሚባል አውስትራሊያዊ ጽፎ ያዘጋጀው ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሜሪ 8 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ሜልቦርን ዳርቻ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1976። እናቷ ትጠጣለች። የአባቷ ሥራ የሻይ ከረጢት ላይ ክር ማሰር ነው። ጓደኛ የላትም። ግንባሯ ላይ ቡናማ ምልክት አለባት፤ ልጆቹ በሱ ይስቁባታል። አንድ ቀን ፖስታ ቤት ውስጥ የኒው ዮርክ የስልክ ማውጫ ታገኝና ከዚያ ላይ አንድ ስም መርጣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ስሙ የማክስ ነው። ማክስ 44 ዓመቱ ነው። ብቻውን ይኖራል። በጣም ወፍራም ነው። ሰው ሲስቅ ለምን እንደሚስቅ አይገባውም። ያልጠበቀው ነገር ሲመጣበት ይጨንቀዋል። ደብዳቤዋም አስጨነቀው። ግን መለሰላት። እንዲህ ብለው ለዓመታት ተጻጻፉ።

ግንባሯን ሳይ እጄ ሳላዝዘው ወደ ጉንጬ ሄደ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ግራ ጉንጬ ላይ ምልክት አለኝ። እናቴ "ማርያም ስማሽ ነው" ትለኝ ነበር። የሰፈር ልጆች ይህን ሰምተው "ማርያም አይደለችም፣ ድስት ነው የሳመሽ" አሉ። ስሜም "ጥላሸት" ሆኖ ቀረ። ሰባተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ በግራ በኩል ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈልግም ነበር። አሁንም ፎቶ ስነሳ የትኛውን ጎን እንደምሰጥ ልብ ብላችሁ ይሆናል።

ፊልሙ ውስጥ የሜሪ ከተማ ሁሉ ነገሩ ቡናማ ነው። የማክስ ኒው ዮርክ ደግሞ ጥቁርና ግራጫ። እዚያ ግራጫ ቤት ውስጥ ቀለም ካላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሷ የላከችለት ቀይ የክር ኳስ ነው። ትንሿን ልጅ ያስጠላት ይሄ የቀለም ነገር ነው። እኔን ደግሞ እዚያው ያስቀረኝ እሱ ነው።

ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው። አሻንጉሊቱን ትንሽ ነካ አድርጎ ፎቶ ማንሳት፣ ደግሞ ነካ አድርጎ ማንሳት። ቀረጻው ብቻ ከ57 ሳምንት በላይ ወስዷል። 212 አሻንጉሊት ሠርተዋል። ማክስ የሚጽፍባትን የጽሕፈት መኪና በአሻንጉሊቱ ልክ፣ በትክክል እንድትሠራ አድርገው ለመሥራት 9 ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ያቺን መኪና ልብ በሉ፤ ወደሷ እመለሳለሁ።

እኔም ማክስ ነበረኝ። ስሙን አልጽፈውም። የድሮ ሰፈሬ ልጆች ታውቁታላችሁ።

ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ጠዋትና ማታ ሱቁ ደረጃ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ሁልጊዜ ሁለተኛው ደረጃ ላይ። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ካገኘ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ሌላኛው ላይ አይቀመጥም። የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥር ከነመነሻው ከነመድረሻው በቃሉ ያውቃል። ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሞክረው ተውት። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ዛር ነው አለ። እናቱ ጸበል ለጸበል ይዘውት ዞሩ። ሲመለስ ያው እሱ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይቀመጣል።

ለሱ ዓይነቱ ሰው ያኔ ስም አልነበረንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። "ኦቲዝም" የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የሰማነው ከሳቸው አንደበት ነው። በዚያን ጊዜ እሱ ትልቅ ሰው ሆኗል። ማክስ ግን ስሙን ያውቀዋል። አስፐርገር አለብህ ብለውታል። ይህ ስም እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ለብቻው የለም፤ ኦቲዝም ከሚባለው ጋር ተጠቃሏል። ማክስ ግን ይወደዋል። ዳንልኝ የሚለው ነገር አይደለም። የዓይኑ ቀለም እንደሆነው ሁሉ የሱ ነው።

ለምን እሱ አጠገብ መቀመጥ እንደጀመርኩ አሁን ሳስበው ይገባኛል። የሰው ፊት አያይም ነበር። የሚያየው ጎማ ነው፣ ሰሌዳ ነው፣ ትኬት ነው። በግራዬም ተቀመጠ በቀኜ ለኔ አንድ ነው። ጉንጬን የምረሳው እሱ ጋ ብቻ ነበር። ሁለታችንንም ማንም አይፈልገንም፤ ስለዚህ ደረጃው የኛ ነበር።

የአውቶቡስ ትኬት ይሰበስባል። ያቺ ስስ ወረቀት። ፌርማታው ላይ ከወደቀው እየለቀመ፣ ጭቃውን በእጁ እየጠረገ። የእናቱ ካውያ ትንሽ በረድ ሲል ጠብቆ በላዩ ያሳልፍበታል፤ ከዚያ በቁጥር ቅደም ተከተል የኒዶ ጣሳ ውስጥ ያስገባል። አንድ ቀን ከጣሳው አንዷን አውጥቶ ሰጠኝ። "ከግራም ከቀኝም አንድ ነው" አለኝ። ቁጥሩን አየሁት። እውነትም ከፊት ብታነቡት ከኋላ ብታነቡት ያው ነው። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ "ምልክትሽ ጣናን ይመስላል፣ ግን ተገልብጧል" አለኝ።

አይቶት ነበር ማለት ነው። ሁልጊዜም ያየው ነበር። ማታ የግድግዳ ካርታችን ላይ ጣናን ፈለግኩት፤ መስታወትም ያዝኩ። ልክ ነው፣ ተገልብጧል።

አሁን ወደ ጽሕፈት መኪናዋ። ሜሪ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምልክቷን በቀዶ ሕክምና አስወገደች። ከዚያ ስለ ማክስ ሕመም አጥንታ መጽሐፍ ጻፈች። ልታድነው ነው ሐሳቧ። በደስታ ላከችለት። ማክስ ሲያየው በንዴት ጦፈ። ከጽሕፈት መኪናው ላይ "ኤም" የምትለዋን ፊደል ነቅሎ ላከላት። ሌላ አንድ ቃል የለም። ፊልሙን እዚህ ጋ አቆምኩት። የሱም ስም የሷም ስም የሚጀምረው በዚያች ፊደል ነው። እሷን ነቅሎ ማንን ሊጽፍበት ነው?

ሜሪ ደግሞ የታተመውን መጽሐፏን በሙሉ አስወገደችው። አንድም ሳይቀር።

ከስድስት ዓመት በፊት ፌስቡክ ላይ ስለሱ ጽፌ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ እንባ አስነባሽን ያላችሁኝ ነበራችሁ። ስለ ደረጃው፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ ትኬቷ። "ንጹሕ ነፍስ" ብዬዋለሁ። "ብዙ አስተማረኝ" ብዬዋለሁ። ስሙንም ጽፌ ነበር። አልጠየቅኩትም። መጠየቅ እንዳለብኝ ትዝም አላለኝ። ከልቤ ነበር የጻፍኩት፤ ከልብ የተጻፈ ነገር ሰው ያስከፋል ብዬ አላሰብኩም። ብዙ ሰው ተቀባበለው። በሦስተኛው ቀን እህቱ ደወለችልኝ። "ሥራ ቦታው ስልክ እያወጡ እያሳዩት ነው፤ ምን አደረግሽው እህቴ?" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። አውቶቡስ ተርሚናሉ አግዳሚ ላይ አገኘሁት። ከሥራ በፊት እዚያ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ይቅርታ አልኩት። አለቀስኩ። በደንብ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ የቆመውን አውቶቡስ የኋላ ጎማ ነበር የሚያየው። ጨርሼ ዝም ስል "ቁጥሩ ልክ አይደለም" አለኝ።

"የቱ ቁጥር?"

"የትኬቱ። ሦስተኛው ልክ ነው። አራተኛው ልክ አይደለም።"

ከዚያ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ተነስቶ ገባ።

ቤት ገብቼ ትኬቷን አወጣሁ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት፤ ካውያ የነካት ስለሆነች እስከዛሬ ቀጥ ያለች ናት። እውነቱን ነው። ስጽፍ ሳላያት በቃሌ ነበር የጻፍኩት። አራተኛውን አኃዝ ስቻለሁ። ከግራና ከቀኝ አንድ የሚሆነው ቁጥር በኔ ጽሑፍ ውስጥ አንድ አይሆንም። ትኬቷን የሰጠኝ ለዚያ ብሎ ነበር። ጽሑፌ ውስጥ ግን ማንኛውም ወረቀት ሆናለች።

ያን ሌሊት ጽሑፉን በሙሉ አጠፋሁት። እንደዚያ ማድረግ ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽም ቀለለኝ።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ሰፈራችን ለልማት ፈርሶ ሁላችንም ተበታተንን። ሱቁም፣ ሁለተኛው ደረጃም የሉም። እነሱ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። የእህቱ ስልክ ግን አለኝ።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ሜሪ ልጇን ይዛ ኒው ዮርክ ትሄዳለች። ማክስ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ አርፏል፤ የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው። ፊቱ ወደ ላይ ነው። ቀና ስትል ጣሪያው በሙሉ የሷ ደብዳቤ ነው። ሁሉም በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ተደርድሮ ተለጥፏል። እዚህ ጋ እኔ አልቻልኩም። የእህቴ ልጅ ከመኝታ ቤት ወጥታ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

አዳም ኤሊየት ይህን ፊልም የሠራው ከራሱ ሕይወት ተነስቶ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የተጻጻፈው ጓደኛ ኒው ዮርክ ውስጥ ነበረው። እሱም እንደኔ ስለ ጓደኛው ነው የሠራው። እኔም ይኸው አሁን ደግሞ እየጻፍኩ ነው። ስሙን አልጠራሁም፣ ሰፈሩን አልጠራሁም፣ ቁጥሯንም አልጻፍኳትም። ይህ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡ አቁሟል። ትኬቷ ጠረጴዛው ላይ ናት። አራተኛው አኃዝ ላይ ጣቴን አድርጌ ተቀምጫለሁ። እስከዛሬ ተቀይሞኝ ነው የሄደው እያልኩ ነበር የኖርኩት። ግን እሱ ጽሑፉን አጥፊው አላለኝም። ለምን ጻፍሽም አላለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ነገር። እንዴት ነው አራተኛውን አኃዝ አስተካክዬ ላሳየው ያልመጣልኝ?