እስቲ ሻለቃ ሪኖን ለቀቅ እናድርገው

የአሜሪካ ጦርና የአገሩ ነባር ሕዝቦች የተፋለሙበት የሊትል ቢግሆርን ውጊያ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ይሰደባል፤ ሻለቃ ማርከስ ሪኖ። ፈሪ ነው፣ ሰካራም ነው፣ ጦሩን እየመራ የዘመተውን ከስተርን ያስበላው እሱ ነው ይባላል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን እንጃ።

ነገሩን ሪኖ ኮርቻ ላይ ሆናችሁ እዩት። ጁን 25 ቀን 1876፣ የዛሬዋ ሞንታና። ከስተር 7ኛውን የፈረሰኛ ሬጅመንት ከፋፈለና ለሪኖ 140 ያህል ወታደር ሰጥቶ መንደሩን ምታ፣ እኛም እንደርስልሃለን አለው። ሪኖ ወንዙን ተሻገረ። ፊት ለፊቱ ላኮታና ሻየን ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሰፍረዋል፤ ተዋጊዎቻቸውም መሸሹን ትተው እየጋለቡ ይመጡበታል። ዞር ብሎ ቢያይ ከስተር የለም። በቀኝ በኩል ባለው ኮረብታ ወደ ሰሜን ሄዷል። ምናልባት ከጎን መትቶ ሊረዳው አስቦ ይሆናል፣ ለሪኖ ግን ማንም አልነገረውም።

ሪኖ ወታደሮቹን ከፈረስ አውርዶ መስመር አስያዘ። እዚህ ላይ አልወቅሰውም፤ ዝም ብሎ ቢገባ ማንም አይተርፍም ነበር ባይ ነኝ። የምወቅሰው በቀጣዩ ነው። በኋላ በገቡበት ጫካ ውስጥ አጠገቡ የነበረው የጦሩ ቃፊር፣ የአሪካራ ጎሳው ብላዲ ናይፍ፣ ጭንቅላቱን ተመታና ደሙ ሪኖ ፊት ላይ ተረጨ። ሰውየው ተደናበረ። ፈረስ ላይ ውጡ፣ ውረዱ፣ እንደገና ውጡ! ወደ ኮረብታው የተደረገው ማፈግፈግ እግሬ አውጪኝ ሆነ፤ ከኋላ የሚከላከል ሰው እንኳን አላስቀረም፣ ትእዛዙን ያልሰሙት ጫካው ውስጥ ቀሩ፣ ብዙዎቹም ያለቁት በዚያ ሽሽት ላይ ነው። ይህን ማለሳለስ አይቻልም።

ግን ከስተር ከ200 በላይ ሰው ይዞ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው? የመንደሩን ስፋት ሳያጣራ ጦሩን የበታተነው እኮ ራሱ ነው። ሪኖና ከተከፋፈለው ጦር ሌላውን ክፍል ይመራ የነበረው ሻምበል ቤንቲን ግን ኮረብታው ላይ ተገናኝተው፣ ተከበው፣ ውሃ ጠምቷቸው እስከ ማግስቱ ተዋጉ፣ አብረዋቸው ከነበሩትም አብዛኞቹ በሕይወት ወጡ። ከስተር ሞቶ ጀግና ሆነ፣ ስድቡ ለተረፈው ተረፈ።

ሪኖ ራሱ ይጣራልኝ ብሎ በ1879 ቺካጎ ውስጥ አጣሪ ችሎት ተሰየመ። ችሎቱ ነፃ አወጣው፤ ሆኖም የበታቾቹ አንዳንዴ ከእሱ የተሻለ ሠርተዋል የምትል መርፌ ወጋ አደረገው። በ1880 ደግሞ ማታ የሬጅመንቱን አዛዥ ሴት ልጅ በመስኮት አጮልቆ አየ ተብሎ ከጦሩ ተባረረ። (የልጅቷ ወንድም ከከስተር ጋር ከሞቱት አንዱ ነው። ቤቱ ውስጥ ሪኖ እንዴት ይታይ እንደነበር መገመት አያቅትም።) በ1889 ሞቶ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ።

በ1967 ጦሩ መዝገቡን አስተካክሎ በክብር የተሰናበተ አደረገው። አፅሙም ተነስቶ ጦር ሜዳው አጠገብ ወዳለው መቃብር ተወሰደ። ቦታው ያኔ የሚጠራው በከስተር ስም ነበር።